«ሜብል» የተባለው የጀርመንኛ ቃል አመጣጥና ትርጉም

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ በሚደረግ የትርጉም ሥራ ተርጓሚውን የሚያደናቅፈው ረቂቁ የፍልስፍና ቃል ብቻ ነው ብሎ የሚገምት ሰው ብዙ ነው። ረቂቁን ቃል ግን ተርጓሚው አስቀድሞ ይፈራዋል፤ ስለሚፈራውም መዝገበ ቃላት ይገልጣል፣ ሊቅ ይጠይቃል፣ ያወጣል ያወርዳል። ሳይፈራው የሚያልፈው በየዕለቱ የሚቀመጥበትን ወንበርና የሚተኛበትን አልጋ የሚጠራበትን ተራ ቃል ነው። ስሕተትም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ባልተጠበቀው በር ነው።

የዚህ ንግግር ርእስ እንዲህ ካሉት ተራ ቃላት አንዱ ነው። ጀርመኖች ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ አልጋውንና ቁም ሣጥኑን በአንድነት «ሜብል» ይሉታል፤ የመጀመሪያው ድምፅ ከንፈርን አሹሎ «ሜ» እንደ ማለት ነው። አማርኛው «የቤት ዕቃ» ይላል። በጀርመን አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ የቤት ኪራይ ውሉን፣ የመድን ውሉን ወይም የፍቺ ውሳኔውን ይዞ ወደ ተርጓሚ ሲመጣ ግን በወረቀቱ ላይ የሚገኘው «ሜብል» ብቻ አይደለም። «ሞቢሊያር»፣ «ሃውስራት»፣ «አይንሪሽቱንግ»፣ «ጌሬት» የሚሉ ቃላትም ጎን ለጎን ተሰልፈው ይታያሉ። ሁሉንም «የቤት ዕቃ» ብሎ መገላገል ቀላል ነው። ነገር ግን የአንዱ ቃል ወሰን የሌላው ወሰን ስላልሆነ፣ ወሰኑ በጠፋበት ቦታ የባለጉዳዩም መብት አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የቃሉን ምንጭ፣ የተጓዘበትን መንገድና ዛሬ የቆመበትን ቦታ መመርመር ትርፍ ድካም አይሆንም። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቃሉ ምንጭ

«ሜብል» በመሠረቱ ጀርመንኛ አይደለም። ሥሩ «ሞቢሊስ» የተባለው የላቲን ቅጽል ሲሆን፣ ትርጉሙም «ሊንቀሳቀስ የሚችል» ማለት ነው። የሮማ ሕግ ዐዋቂዎች የሰውን ሀብት በሁለት ከፍለው ያዩ ነበር፤ አንደኛው ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው፣ ሁለተኛው እንደ መሬትና እንደ ሕንፃ ካለበት የማይነቃነቀው ነው። በመካከለኛው ዘመን ላቲን የመጀመሪያው ወገን «ሞቢሊያ» ተባለ። ከዚሁ ላቲን የተወለደው የፈረንሳይኛው ቃል በግእዝ ፊደል ሲጻፍ «መብል» ሆኖ ከምግቡ ስም ጋር ይገጥማል፤ ይህ ግን የድምፅ ግጥምጥሞሽ እንጂ ዝምድና አይደለም። የፈረንሳይኛው ቃል በመጀመሪያ ማንኛውንም ተንቀሳቃሽ ሀብት የሚያመለክት የሕግ ቃል ነበረ፤ በኋላ ግን እየጠበበ ሄዶ በክፍል ውስጥ የሚቆመውን ዕቃ ብቻ ወደ መጥራት አዘነበለ።

ጀርመንኛው ቃሉን ከፈረንሳይኛ የተዋሰው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዘመኑ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ለአውሮፓ መሳፍንት ሁሉ የአለባበስ፣ የአነጋገርና የአኗኗር ምሳሌ ሆኖ የሚታይበት ነበረ። ጀርመን በዚያ ጊዜ አንድ መንግሥት አልነበረም፤ ብዙ መሳፍንት የሚገዙት የተከፋፈለ አገር ነበረ። እያንዳንዱ መስፍን የሉዊ 14ኛውን ቤተ መንግሥት በአቅሙ ለመምሰል ሲጣጣር ዕቃውንም ስሙንም አብሮ አስመጣ። በ1685 የፈረንሳይ ንጉሥ ለፕሮቴስታንቶች የተሰጠውን የሃይማኖት ነፃነት በሻረ ጊዜ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ስደተኞች ወደ ጀርመን ግዛቶች ገቡ። የብራንደንቡርግ መስፍን በዚያው ዓመት በፖትስዳም ዐዋጅ አውጥቶ ተቀበላቸው። ከነዚህም መካከል የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎች ብዙ ስለ ነበሩ፣ የፈረንሳይኛ የዕቃ ስሞች በአዳራሽ ብቻ ሳይሆን በሠሪው እጅም ገቡ። «ኮሞደ» የተባለው መሳቢያ ያለው ሣጥን፣ «ካናፔ» የተባለው ረጅም መቀመጫ፣ «ቢሮ» የተባለው የጽሕፈት ቦታ ሁሉም የፈረንሳይኛ ውርስ ናቸው።

ጀርመንኛው ለዚህ ሐሳብ የራሱ ቃል ቸግሮት አልነበረም። ጥንታዊው የጀርመን ሕግ ተንቀሳቃሹን ሀብት «ፋርኒስ» ወይም «ፋረንደ ሃበ»፣ ማለትም «ተጓዥ ሀብት»፣ ይለው ነበር። የማይንቀሳቀሰውን ደግሞ «ሊገን»፣ ማለትም «መጋደም»፣ ከሚለው ግሥ አውጥቶ «ሊገንሻፍት» ይለዋል። ተጓዡና የተጋደመው እንደ ማለት ነው። በ1907 የወጣው የስዊስ ፍትሐ ብሔር ሕግ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ባለቤትነት ሲናገር «ፋርኒስ» የሚለውን የቆየ ቃል ይዟል። በ1900 ሥራ ላይ የዋለው የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ ግን «ተንቀሳቃሽ ነገሮች» የሚል የአዲስ ዘመን አነጋገር መረጠ።

ዕቃ ስለምን በጉዞ ተጠራ?

አንድ ሰው ቁም ሣጥን ሲያይ የሚያስበው ክብደቱንና ካለበት አለመነቃነቁን ነው። ታዲያ ስለምን «ተንቀሳቃሽ» ተባለ? መልሱ በመካከለኛው ዘመን አኗኗር ውስጥ ይገኛል። የምዕራብ አውሮፓ ነገሥታትና መሳፍንት በአንድ ከተማ ተቀምጠው አይገዙም ነበር። ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ግንብ እየተዘዋወሩ የየአገሩን ግብር በየአገሩ ይበሉ ነበር። ጌታው ሲነሣ ግድግዳው ብቻ ይቀራል፤ መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ አልጋውና ሣጥኑ በበቅሎና በሠረገላ ይከተለዋል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የነበሩት ነገሥታት በድንኳን ከተማ ሲዘዋወሩ የኖሩ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ አማርኛውም ከሰው ጋር ለሚጓዘው ዕቃ «ጓዝ» የሚል ቃል አለው። የጥንቱ ጀርመን «ፋርኒስ» ሲል ከ«ጓዝ» ብዙ የራቀ ነገር ማለቱ አልነበረም።

የዕቃዎቹም አሠራር ይህንኑ ይመሰክራል። ጠረጴዛው በሁለት ተነቃይ እግሮች ላይ የሚጋደም ሳንቃ ነበረ። ምግቡ ሲያበቃ ሳንቃው ይነሣል፤ ስለዚህም ጀርመኖች ዛሬ እንኳ የክብር ግብዣን ማብቃት «ሳንቃውን ማንሣት» ይሉታል፤ የሚነሣ ሳንቃ ግን ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። «ትሩሄ» የተባለው ባለክዳን ሣጥን ደግሞ መቀመጫም፣ ልብስ ማስቀመጫም፣ የመንገድ ሻንጣም ነበረ። ታጣፊው ወንበር በጥንታዊው የፍራንክ ጀርመንኛ «ፋልዲስቶል» የሚል ስም ነበረው፤ «የሚታጠፍ ወንበር» ማለት ነው። ይህ ስም ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ «ፎተይ» ሆነ፤ ትርጉሙም ከታጣፊው ወደ ባለመደገፊያው ምቹ ወንበር ተዛወረ። ጀርመኖች የገዛ ልጃቸውን ሳያውቁት እንደ ፈረንሳዊ እንግዳ መልሰው ተቀበሉት። በአዲስ አበባ ሳሎን «ፎቴ» የሚባለው ወንበርም የዚሁ የተጓዥ ቃል የልጅ ልጅ ነው።

«ሃውስራት» እና የቤት ማሟያ

ፈረንሳይኛው ቃል ከመግባቱ በፊት በጀርመን ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ የሚጠራው «ሃውስራት» ነበረ፤ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ቃሉ ከ«ሃውስ» (ቤት) እና ከ«ራት» የተሠራ ነው። «ራት» በዛሬው ጀርመንኛ «ምክር» ወይም «ሸንጎ» ማለት በመሆኑ፣ ከተማ የሚተዳደርበት ሕንፃ «ራትሃውስ» ይባላል። ጀማሪ ተርጓሚ ሁለቱን ቃላት ነጣጥሎ ቢያነብ «የቤት ሸንጎ» የሚል እንግዳ ነገር ሊያወጣ ይችላል። ጥንተ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። «ራት» አስቀድሞ ለኑሮ የሚያስፈልግ ዝግጅት፣ ስንቅና ማሟያ ማለት ነበረ። ይኸው ትርጉም «ፎርራት» (የተቀመጠ ስንቅ)፣ «ጌሬት» (መሣሪያ) እና «ኡንራት» (ቆሻሻ፣ የማይጠቅም ነገር) በሚሉት ቃላት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ጋብቻ በጀርመንኛ «ሃይራት» ይባላል፤ የመጀመሪያው ክፍል ቤትንና ቤተሰብን፣ ሁለተኛው ይህንኑ ማሟያ የሚያመለክት ስለሆነ፣ ጋብቻ በሥሩ «ቤት ማደራጀት» ነበረ ማለት ነው። ጎጆ መውጣትን ከትዳር ለይቶ ለማያይ አማርኛ ተናጋሪ ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይሆንበትም።

እንግዲህ «ሜብል» ዕቃን የሚጠራው በመንቀሳቀሱ ሲሆን፣ «ሃውስራት» የሚጠራው ለቤቱ በሚሰጠው አገልግሎት ነው። አንደኛው የሕግ ባለሙያ ዓይን፣ ሁለተኛው የባለትዳር ዓይን ነው። የኑረምበርጉ ጫማ ሰፊና ባለቅኔ ሃንስ ሳክስ በ1544 በጻፈው ግጥም በአንድ ቤት ሊኖሩ የሚገባቸውን ወደ 300 የሚደርሱ ዕቃዎች ሲዘረዝር፣ ለርእሱ የመረጠው «ሃውስራት» የሚለውን ቃል ነው። ማርቲን ሉተርም በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 31 ላባ የያዕቆብን ዕቃ ሲበረብር የሚያሳየውን ታሪክ ሲተረጉም የተጠቀመው በዚሁ ቃል ነው።

የቤት ዕቃ ውርስ በጥንቱ ሕግ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ኤይከ ፎን ሬፕጎቭ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው «የሳክሶን መስታወት» የተባለው የሕግ መጽሐፍ፣ «ገራደ» የሚባሉ ዕቃዎች በሴት ወገን እንዲወረሱ ይደነግጋል። አልጋው፣ ትራሱ፣ የበፍታው ጨርቅ፣ ባለክዳኑ ሣጥን፣ በጎቹና ዝይዎቹ፣ እንዲሁም ሴቶች የሚያነቧቸው መንፈሳውያን መጻሕፍት በዚህ ስም ሥር ተቈጥረዋል። የጦር መሣሪያውና የጦር ፈረሱ ደግሞ በተለየ ስም ለወንድ ወገን ይተላለፉ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ዕቃ በየትኛው ቃል ሥር እንደሚገባ መወሰን ማለት ባሏ የሞተባት ሴት ምን ይዛ እንደምትቀር መወሰን ነበረ።

ቃሉን ለማባረር የተደረገው ሙከራ

የፈረንሳይኛ ቃላት ብዛት የጀርመን ሊቃውንትን ማሳሰቡ አልቀረም። በ1617 የተቋቋመው «ፍሬ አፍሪ ማኅበር» የጀርመንኛን ንጽሕና ለመጠበቅ ተነሥቶ ነበር። ከዚያም በኋላ ዮአኪም ሃይንሪሽ ካምፐ በ1801 በቋንቋው ላይ የተጫኑ ባዕዳን ቃላትን የሚያብራራና የጀርመንኛ ምትክ የሚያቀርብ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ካምፐ ከፈጠራቸው ቃላት አንዳንዶቹ ሥር ሰደዋል፤ ለምሳሌ «ካሪካቱር» ለሚለው የሰጠው «ጸርቢልድ»፣ «ራንደቩ» ለሚለው የሰጠው «ሽቴልዲሻይን» ዛሬም ይታወቃሉ።

«ሜብል» ግን አልተነቀለም። ምትክ አልታጣለትም፤ «ሃውስራት»ም «ሃውስጌሬት»ም በእጅ ነበሩ። ያልተነቀለበት ምክንያት ሦስቱ ቃላት ሥራ ተከፋፍለው ስለ ነበር ነው። ድስቱ፣ ማንኪያውና አንሶላው ከ«ሃውስራት» ጋር ቀርተዋል፤ በክፍሉ ውስጥ የሚቆመው ትልቁ ዕቃ ወደ «ሜብል» ሄዷል። የተለየ ሥራ ያገኘ የውሰት ቃል በዐዋጅ አይወጣም፤ ሥራ ያጣ የአገር ቃልም በዐዋጅ አይድንም። ለአማርኛ ስያሜ የሚደክም ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚማረው አለ። «ጠረጴዛ» ከግሪክ፣ «ኮመዲኖ» ከጣልያን፣ «ቡፌ» ከፈረንሳይ መጥተው በአማርኛ ቤት ውስጥ ቦታ የያዙት እያንዳንዳቸው የሚጠሩት የራሳቸው ዕቃ ስለ ነበራቸው ነው።

ቃሉ በሕዝቡ አፍ ውስጥ መኖሩን የሚያሳዩ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የደከመን ነገር ማነቃቃት «አውፍሜብልን» ይባላል፤ ሰውን መቀጥቀጥ ደግሞ «ፈርሜብልን» ይባላል። ዕቃው በተሟላ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወንደላጤ በቀልድ «ዕቃ የተሟላለት ጌታ» ይባል ነበር፤ ቅጽሉ ከክፍሉ ተነሥቶ በሰውየው ላይ ማረፉ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በአንድ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ለብዙ ዘመን የኖረ ሰው «አሮጌ ሜብል» መባሉ ነው። «ተንቀሳቃሽ» የነበረው ቃል የማይነቃነቅ ሰው መጠሪያ ሆነ።

ተንቀሳቃሹ ሲቆም

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉ ጥንተ ትርጉሙን ለጊዜው መልሶ ያገኘ ይመስላል። በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው ቦፓርድ በ1796 የተወለደው ሚካኤል ቶኔት እንጨትን በእንፋሎት አለስልሶ የማጠፍ ዘዴ አዳበረ። በ1842 ወደ ቪየና ተዛወረ። በ1859 ያወጣው ቁጥር 14 የተባለው ወንበር ከ6 የእንጨት ክፍሎች፣ ከ10 ብሎኖችና ከ2 ዳዶዎች የተሠራ ነበር። ተፈታትቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በ1 ሜትር ኩብ ሣጥን ውስጥ ይገባ ነበር። እስከ 1930 ድረስም ወደ 50 ሚሊዮን የሚደርስ ወንበር ተሽጧል። ዕቃው እንደ ገና ተጓዥ ሆነ።

የሚከተለው ዘመን ግን ተቃራኒውን አመጣ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፍራንክፈርት ከተማ ለሠራተኞች መኖሪያ ስትሠራ፣ የቪየናዋ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ በ1926 አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት ነደፈች። መደርደሪያው፣ መሳቢያውና ማጠቢያው በግድግዳው ልክ ተሠርተው ከቤቱ ጋር የሚሰጡ ነበሩ። ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥም ተተከለች። ከዚህ ዓይነቱ አሠራር «አይንባውሜብል» የሚል ቃል ተለመደ፤ ቃል በቃል ሲፈታ «ከሕንፃው ጋር የተሠራ ተንቀሳቃሽ» ማለት ነው። ቃሉ ራሱን በራሱ ይቃወማል፤ ጀርመናዊው ግን ተቃርኖው አይሰማውም፤ «ሜብል» ሲል መንቀሳቀስን ማሰብ ከተወ ቆይቷልና።

ተቃርኖውን ዳኛው ግን ሳይሰማው አያልፍም። በጀርመን አገር ተከራይ ወጥ ቤቱን ራሱ ገዝቶ ማስገባትና ሲለቅ ነቅሎ መውሰድ የተለመደ ነው። ቤት ሲሸጥ ወይም በሐራጅ ሲቀርብ ያ ወጥ ቤት የሕንፃው አካል ነው ወይስ የሰውየው ዕቃ? የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንድን ነገር የዋናው ንብረት ተከታይ አድርጎ ለመቍጠር የአካባቢውን ሕዝብ አመለካከት ጭምር መመልከትን ያዛል። ስለዚህም ፍርድ ቤቶች በዚህ ጉዳይ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር የተለያየ ውሳኔ ሰጥተዋል። የኢትዮጵያ ተርጓሚ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ምሳሌ በገዛ አገሩ አለው። በባህላዊው ቤት ከግድግዳው ጋር በጭቃ የተሠራው መደብ መቀመጫም መኝታም ነው፤ አገልግሎቱ የዕቃ፣ አካሉ የቤት ነው። ጓዙን ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው አልጋውን ይወስዳል፤ መደቡን ግን ትቶት ይሄዳል።

ቃሉ የተሸከመው በደል

የአንድን ቃል ታሪክ የሚናገር ሰው ቃሉ ያገለገለበትን ክፉ ሥራ ዘሎ ማለፍ አይገባውም። ናዚዎች ምዕራብ አውሮፓን በያዙበት ጊዜ፣ ከ1942 እስከ 1944፣ «ሜብል አክቲዮን»፣ ማለትም «የቤት ዕቃ ዘመቻ»፣ የተባለ ሥራ ተካሂዷል። በአልፍሬድ ሮዘንበርግ ሥር የነበረና ኩርት ፎን ቤር የሚመራው መሥሪያ ቤት፣ በፈረንሳይ፣ በቤልጅግና በሆላንድ የተሰደዱና ወደ ሞት ካምፕ የተላኩ አይሁዶችን ቤቶች እየከፈተ ዕቃውን ያስወጣ ነበር። ባዶ የተደረጉት መኖሪያዎች ወደ 70,000 ይጠጋሉ። ዕቃው በባቡር ወደ ጀርመን እየተጫነ በቦምብ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ጀርመናውያን ተከፋፈለ። በፓሪስ ሌቪታን የተባለው የቤት ዕቃ መደብር ራሱ እስር ቤት ተደርጎ፣ አይሁዳውያን እስረኞች በዚያ የተዘረፈውን ዕቃ ሲለዩ፣ ሲጠግኑና ሲያሽጉ ነበር። በመካከሉ የገዛ ቤታቸውን ወይም የዘመዶቻቸውን ዕቃ ያገኙ ሰዎች መኖራቸውን ከሞት የተረፉት መስክረዋል።

በዚህ ስያሜ ውስጥ ቃሉ የሠራውን ሥራ መመልከት ያስፈልጋል። የተወሰደው «ሜብል» ብቻ አልነበረም፤ አንሶላው፣ ሳህኑ፣ መብራቱና የልጆቹ መጫወቻ ጭምር ነበር። በትክክለኛው ቃል ቢጠራ «ሃውስራት»፣ ይኸውም አንድ ቤተሰብ ቤት የሚሆንበት ነገር ሁሉ ነበር። ጠባቡና ንጹሕ የሚመስለው ቃል ሰፊውን ዝርፊያ ሸፈነ። ይህን ስም «የቤት ዕቃ ዘመቻ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ስሙን መለወጥ አይችልም፤ በስሙ ውስጥ የተሰወረውን ግን በማብራሪያ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ ጀርመን በ1952 የጦርነቱን ኪሣራ በሕዝቡ መካከል ለማመጣጠን ባወጣችው ሕግ፣ ከምሥራቅ ለተፈናቀሉትና በቦምብ ለተጎዱት ዜጎቿ የጠፋባቸውን ዕቃ የሚመለከት ካሣ ደነገገች። ሕጉ ለካሣው የመረጠው ስም «ሃውስራት» የሚለውን ቃል የያዘ ነው። ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ ሳይሆን ፈርሶ የቀረው ቤት ሁሉ የታሰበ ስለ ነበር፣ ሰፊው ቃል ተመልሶ መጣ።

ለተርጓሚው የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ባለጉዳዩ ወረቀት መመለስ ይገባል።

በመጀመሪያ የመድን ውል። «ሃውስራት» የሚለውን ቃል የያዘው የጀርመን የመድን ውል ወንበሩን ብቻ ሳይሆን ልብሱን፣ የኤሌክትሪክ መሣሪያውንና እስከ ተወሰነ መጠን ጥሬ ገንዘቡን ጭምር ይሸፍናል። ጀርመኖች ይህን ሲያስረዱ «ቤቱ ተገልብጦ ቢራገፍ የሚወድቀው ሁሉ ሃውስራት ነው» ይላሉ። ተርጓሚው ይህን «የፈርኒቸር መድን» ብሎ ቢጽፈው፣ ልብሱ በእሳት የተቃጠለበት ሰው መብቱን ሳይጠይቅ ይቀራል።

ሁለተኛው የፍቺ ጉዳይ ነው። በ1944 የወጣው ደንብ በፍቺ ጊዜ የጋብቻውን ቤትና «ሃውስራት» አከፋፈል ሲመራ ቆይቶ በ2009 ተሽሯል። በምትኩ ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ የገባው አንቀጽ «የቤተሰብ መገልገያ ዕቃዎች» የሚል አነጋገር ይዟል። በትዳር ጊዜ ለጋራ ኑሮ የተገዛ ዕቃ የሁለቱ እንደ ሆነ ይገመታል፤ ዕቃው ይበልጥ ለሚያስፈልገው ወገን እንዲሰጥ ሲወሰንም የልጆች ጥቅም ይታያል። «የቤት ዕቃ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ አልጋና ቁም ሣጥን ብቻ ተደርጎ ከተነበበ፣ ድስቷንና የልጆቿን አንሶላ የምትጠይቅ እናት የማይገባትን የጠየቀች ትመስላለች።

ሦስተኛው የኪራይ ውል ነው። «ሜብሊርት» የሚለው ቃል ቤቱ ከነዕቃው መከራየቱን ይገልጻል፤ ዋናዎቹ ዕቃዎች አሉ ማለት እንጂ ድስቱና ብርድ ልብሱ የግድ አሉ ማለት አይደለም። ወጥ ቤቱም በውሉ ለብቻው ካልተጠቀሰ መኖሩ አይታወቅም።

አማርኛው ለዚህ ሥራ ቃል አላጣም። «ሜብል» ሲመጣ በየመደብሩ ደጃፍ የተጻፈው «የቤት ዕቃ» በቂ ነው፤ በዚህ ቦታ ሁሉም የሚረዳው ወንበርና ጠረጴዛን ነውና። «ሃውስራት» ሲመጣ «የቤት ቁሳቁስ በሙሉ» ማለት ወሰኑን ያሰፋዋል። «ፋርኒስ» እና «ሞቢሊየን» የሕግ ቃላት ስለሆኑ «ተንቀሳቃሽ ንብረት» የሚለው ይገባቸዋል። በ1952 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታወጀው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ባዘጋጁት ረቂቅ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ንብረት ተንቀሳቃሽ ወይም የማይንቀሳቀስ ነው የሚለው ድንጋጌ በአማርኛ ሲነበብ፣ «ሜብል»ን የወለደው ያው የሮማ ክፍፍል በሌላ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ደርሶ ይገኛል።

ቃል ሲመረጥ ሦስት ጥያቄዎች ሊቀድሙ ይገባል። ዕቃው ከቦታው ይነሣልን? የሚያገለግለው ለማን ነው? ባለቤቱ ሲሄድ ወይም ሲሞት ከማን ጋር ይቀራል? ለሦስቱ መልስ ያገኘ ተርጓሚ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ቢያጣው እንኳ በግልጽ ዐረፍተ ነገር ሊያስረዳ ይችላል። ለሦስቱ መልስ ሳይፈልግ የጻፈ ግን ያማረ ቃል ቢያገኝም የሰው አልጋ ከማይገባው ሰው ቤት ሊያኖር ይችላል። ማኅበሩም እነዚህን የመሰሉ የቤትና የንብረት ቃላት ከየወሰናቸው ጋር በአንድ ዝርዝር እንዲጠናቀሩ ቢያደርግ፣ አባላቱ በየግላቸው የሚደክሙበትን ሥራ ያቀልላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወረቀቱን በእምነት ለሚያስረክበው ባለጉዳይ ዋስትና ይሆናል።